«ጥቁሩ አሽከሬ»፦ የአጎቴን የተቀበረ እንቆቅልሽ ለመፍታት እርዳታ እፈልጋለሁ

የቀሃ ልጅ
ግንቦት 17፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የጎንደር ከተማ ነዋሪ ነኝ፤ ለረጅም ጊዜ ልቤን ይዞት የኖረ አንድ ነገር ከእናንተ ጋር ለመምከር መጥቻለሁ።

የእናቴ ወንድም፣ እኛ «ጋሼ» የምንላቸው፣ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙ፣ ከቅኔ ቤትም ጥቂት የቆዩ፣ ኋላም በዘመናዊ ትምህርት ገፍተው ለ34 ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በ1991 ዓ.ም. ለእኅትና ለወንድም ልጆቻቸው ስድስት ስንኝ ግጥምና ከሥሩ አንድ ረድፍ ቁጥር ጽፈው ሰጡን። «አንድ ነገር ቀብሬያለሁ። ቦታውን ለማግኘት መንከራተት አያስፈልግም፤ ከተቀመጣችሁበት ሆናችሁ በማሰብ ይገኛል። ዶማ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው» አሉን። እኛ ያን ጊዜ ልጆች ነበርን፤ ለጥቂት ሳምንታት ከተሯሯጥን በኋላ ተውነው። ባለፈው ጥር ግን የእናቴን ሣጥን ሳስተካክል ወረቀቱን አገኘሁትና እንደገና ያዘኝ። ግጥሙ እንዲህ ይላል፦

ጥቁሩ አሽከሬ፣ ከእግሬ የማይርቀው፣
በሰኔ ሚካኤል፣ ቀትር ላይ ስጠብቀው፣
ጀርባውን ለሰሜን ሰጥቶ ሲሰግድልኝ፣
ግንባሩ ያረፈበት ወርቄን ያዘልኝ።
ስሜን ከፈለግህ፣ ከገበታው ቁጠር፣
አባቶች ከቆጠሩት አንዳች ሳትጨምር።

ከሥሩ ያለው ቁጥር በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ሲሆን እንዲህ ነው፦ ፲፮፥፬ — ፬፥፮ — ፲፱፥፮።

እስካሁን የሄድንበትን መንገድ ልንገራችሁ። አንደኛዋ የአክስቴ ልጅ «ሰኔ ሚካኤል» የሚለውን ይዛ ከፋሲል ግቢ አጠገብ ወዳለው ወደ አጣጣሚ ሚካኤል አተኮረች፤ ነገር ግን ጋሼ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራሉ ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ወንድሜ «ስሜን» የሚለውን የስሜን ተራሮች ነው ብሎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። እኔ በበኩሌ «ገበታው» የሚለውን ገበጣ ነው ብዬ፣ ጋሼ ቤት ያለውን አሮጌ የገበጣ እንጨት ጉድጓዶቹን ስቆጥር ሁለት ቅዳሜ አሳልፌአለሁ።

ጋሼ አሁን 81 ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸውም እየደከመ ሄዷል። ፍንጭ ስንጠይቃቸው «አንብቡት» ከማለት በቀር አንድ ቃል አይጨምሩም። ሳይረፍድ ልንፈታው እንፈልጋለን፤ እባካችሁ አግዙን።


የቅኔ ተማሪ
ግንቦት 17፣ ምሽት 4፡05

ወንድሜ፣ ግጥሙን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ የጻፉት ሰው ቃል የማያባክኑ ናቸው። የገባኝን ልበል።

የመጀመሪያው ስንኝ ሰሙ አሽከር ነው፤ ወርቁ ጥላ ነው። ጥቁር የሆነ፣ ከጌታው እግር የማይለይ፣ መሬት ላይ የሚሰግድ ሌላ ምን አለ? ጥላ ሁልጊዜ ከእግር ይጀምራል፤ ግንባሩም ሁልጊዜ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ቦታ የአንድ የቆመ ነገር ጥላ ጫፍ በሰኔ 12 ቀን ቀትር የሚያርፍበት ነጥብ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ «ሰሜን» ብለው ጽፈዋል፤ አምስተኛው ላይ ደግሞ «ስሜን»። ይህ የብዕር ስሕተት አይመስለኝም። የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው። ሁለተኛው ግን ኅብር ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል። ወንድምዎን ደባርቅ የወሰደው ስሜን ሰሙ ነው፤ ወርቁ «ስሜን»፣ ማለትም «የእኔን ስም» ነው። በግጥሙ ውስጥ «አሽከሬ» እያለ የሚናገረው ሰው ሳይሆን ጥላውን የጣለው ነገር ራሱ ነው፤ «ማን እንደ ሆንሁ ለማወቅ ከፈለግህ ቁጠር» ይልዎታል። ቁጥሮቹ የዚያ ነገር ስም ናቸው።

ሌላም ላሳስብዎ። «ወርቄን» የሚለውን ሰምታችሁ የወርቅ ክምር አትጠብቁ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ወርቅ ሲል የነገሩን ምሥጢር ማለቱ ሊሆን ይችላል።


ሒሳብ አስተማሪዋ
ግንቦት 18፣ ጠዋት 1፡20

የጥላው ሐሳብ በጣም ያምራል፤ ግን ልቀበለው አልቻልሁም፤ ምክንያቱን እገልጻለሁ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለ ሰው በቀትር ፀሐይን ወደ ደቡብ አዘንብላ ያያታል፤ ስለዚህ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ግጥሙ ግን «ጀርባውን ለሰሜን ሰጥቶ» ይላል፤ ይህም ግንባሩ በደቡብ በኩል ነው ማለት ነው።

ይህን ዓይነት እንቆቅልሽ ከዚህ በፊት አንብቤአለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ምሥጢሩን በሥዕሎች ውስጥ የሰወረ መጽሐፍ አሳትሞ የወርቅ ጥንቸል ቀብሮ ነበር። ፈቺዎች በየሥዕሉ ከተሣሉት ፍጥረታት ዓይን ተነሥተው በረጅሙ ጣት በኩል መስመር ሲያሰምሩ፣ መስመሩ በሥዕሉ ጠርዝ ዙሪያ ከተጻፉት ፊደላት አንዱን ይነካል፤ ፊደላቱ ሲለቀሙ መልእክቱ ይወጣል። ጥንቸሉ የተቀበረው አምፕትሂል በተባለ ስፍራ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት በቀትር የአንድ የመስቀል ሐውልት ጥላ ጫፍ በሚያርፍበት ላይ ነበር። ያም ጥላ የወደቀው ወደ ሰሜን ነው። ጋሼዎ ይህን ታሪክ ሳያውቁት አይቀሩም ብዬ እገምታለሁ፤ ነገር ግን አቅጣጫው ስለማይገጥም «ጥቁሩ አሽከር» ሌላ ነገር መሆን አለበት።


የቀሃ ልጅ
ግንቦት 18፣ ቀን 7፡10

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ የወርቅ ጥንቸሉን ታሪክ በሚገባ ያውቁታል፤ እኛም በልጅነታችን ከእርሳቸው ነው የሰማነው። የጥላው ፍቺ ልቤን ነክቶት ነበር፤ የአቅጣጫው ነገር ግን እውነት ከሆነ ወደ ኋላ ሊመልሰን ነው። ቁጥሮቹንም ትናንት ሌሊት ሞከርሁ፤ «ገበታ» የተባለው የፊደል ገበታ ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ረድፉን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ካሉት ሰባቱ ሆሄያት አንዱን ያመለክታል ብዬ ቆጠርሁ። ቤት ካለው የልጆች ገበታ ላይ 16ኛው ረድፍ «አ» ነው፤ አራተኛው «ኣ» ይሆናል። 4ኛው ረድፍ «መ»፣ ስድስተኛው «ም»። 19ኛው ረድፍ «ወ»፣ ስድስተኛው «ው»። ሲገጣጠም «ኣምው» ይሰጣል። ወንድሜ አንድ ፊደል የተዘለለ መስሎት «አምነው» ነው አለ፤ «እመነው» ለማለት ይሆን? እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።


ቀያሽ
ግንቦት 18፣ ማታ 12፡50

በሙያዬ የመሬት ቀያሽ ነኝ። ሒሳብ አስተማሪዋ የተናገሩት ለእንግሊዝ አገር ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ለጎንደር ግን ለዓመቱ ሁሉ አይሠራም። ይህን ነጥብ በጥንቃቄ እንመልከተው፤ የእንቆቅልሹ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ፀሐይ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ 23 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ድረስ ትሄዳለች። አምፕትሂል በ52 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለሆነ ፀሐይ መቼም ከአናቱ አልፋ ወደ ሰሜን አትሄድም፤ ጥላው በየቀኑ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ጎንደር ግን በ12.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትጓዝ ሚያዝያ 16 ገደማ በትክክል ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ ከዚያ ታልፈናለች። ስትመለስ ነሐሴ 13 ገደማ እንደገና አናታችን ላይ ትደርሳለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት አራት ወራት ገደማ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ናት፤ ጥላችንም ወደ ደቡብ፣ ወደ ጣና አቅጣጫ ይወድቃል። ሰኔ 12 ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን የምትችለውን ያህል ርቃ የሄደችበት ሰሞን ነው። ስለዚህ በሰኔ ሚካኤል ቀትር፣ ጎንደር ውስጥ፣ ጥላ «ጀርባውን ለሰሜን ሰጥቶ» ይሰግዳል። ግጥሙ አንድም ስሕተት የለበትም።

የጂኦግራፊ መምህሩ የእንግሊዙን ታሪክ እያወቁ ሆን ብለው የገለበጡት ይመስለኛል። ታሪኩን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ጥላውን ወደ ሰሜን ይፈልገዋል፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ወደ ደቡብ ያገኘዋል።


ሒሳብ አስተማሪዋ
ግንቦት 18፣ ምሽት 1፡30

ተረትቻለሁ፤ በደስታም እቀበላለሁ። ዛሬ ቀን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለውን የባንዲራ እንጨት ባየው ኖሮ መልሱ እፊቴ ነበር። ነገ ተማሪዎቼን ይዤ አሳያቸዋለሁ።


ዘአዘዞ
ግንቦት 19፣ ጠዋት 3፡00

ጥላ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቁጥሩን እርሱት፤ የፋሲል መዋኛ ይሂዱ። እዚያ የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መታሰቢያ ነው የሚባል በዓምዶች ላይ የቆመ ትንሽ ሕንፃ አለ። «አሽከር» የተባለው ፈረስ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ዶማ ይዘን ብንገናኝ እኔ ዝግጁ ነኝ።


ቀያሽ
ግንቦት 19፣ ጠዋት 3፡25

ይህ ሐሳብ እዚህ ላይ ይቁም። የፋሲል መዋኛም ሆነ የፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ያለ ፈቃድ በቅርስ ስፍራ መቆፈር ወንጀል ነው። ከሕጉም በላይ፣ 34 ዓመት ልጆች ያስተማሩ ሰው የእኅታቸውን ልጆች የነገሥታት ግቢ ቆፍሩ ብለው አይልኩም። እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ ሲፈታ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን የጻፈው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» የሚለው ነው።


የቅኔ ተማሪ
ግንቦት 19፣ ቀን 8፡15

ቀያሽ በትክክል ተናግረዋል፤ እኔም ያንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ።

የቀሃው ልጅ፣ እርስዎ «ኣምው» ሲያገኙ ትክክለኛውን መንገድ ይዘው በተሳሳተ ገበታ ላይ ቆመዋል። ቤትዎ ያለው የልጆች ገበታ የአማርኛው ነው፤ 33 ረድፍ አለው። ጋሼዎ ግን ፊደል የቆጠሩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ የተማሩት የግዕዝ ፊደል 26 ብቻ ነው። በአማርኛው ገበታ ላይ የተጨመሩት ሰባቱ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ናቸው። አሁን የመጨረሻውን ስንኝ እንደገና ያንብቡት፦ «አባቶች ከቆጠሩት አንዳች ሳትጨምር።» ይህ ምክር ወይም ማስጌጫ አይደለም፤ የአቆጣጠር መመሪያ ነው። የተጨመሩትን ሰባቱን አውጥተህ ቁጠር ማለታቸው ነው።

እንግዲህ በግዕዙ ተራ እንቁጠር። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ 4ኛው «መ» ስለሆነ በሁለቱም ገበታ አይለወጥም፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ረድፎች አንድ ናቸውና። ከ«ሰ» በኋላ ግን «ሸ» ሲወጣ ቁጥሩ ሁሉ ይንሸራተታል። ሰ 7፣ ቀ 8፣ በ 9፣ ተ 10፣ ኀ 11፣ ነ 12፣ አ 13፣ ከ 14፣ ወ 15፣ ዐ 16። አራተኛው «ዓ» ነው። ከዚያ ዘ 17፣ የ 18፣ ደ 19፤ ስድስተኛው «ድ»። ሦስቱ ሲገናኙ፦

ዓ — ም — ድ።

ዓምድ በዓይኑ «ዐ» መጻፉንም ልብ ይበሉ፤ ሊቃውንቱ የሚጽፉት እንደዚህ ነው። የእርስዎ «ኣ» ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሆኖ የታየውም ስለዚህ ነበር፤ ተጣምሞ የተነበበ ቃል አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። «አምነው» ለማለት ፊደል መጨመር አስፈልጓችሁ ነበር፤ ግጥሙ ግን አንዳች አትጨምር ብሏችኋል።

ስለዚህ ተናጋሪው ዓምድ ነው። የጋሼዎ ሕይወት በዋለበት ስፍራ የቆመ ዓምድ የት አለ?


የቀሃ ልጅ
ግንቦት 19፣ ቀን 9፡02

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የጋሼ ግቢ አሮጌው በር ሁለት የድንጋይ ዓምዶች ነበሩት። አንዱ ገና እኔ ሳልወለድ ፈርሷል፤ ሌላው እስከ ዛሬ ቆሟል። በሩ ወደ ሌላ በኩል ስለተዛወረ ዓምዱ አሁን በጓሮው ዳር ለብቻው ነው ያለው፤ ልጆች ሆነን በዙሪያው ድብብቆሽ ተጫውተናል። በሕይወቴ ሁሉ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀንም ግን አላሰብሁትም።

ነገ ጠዋት ቁመቱን እለካለሁ። ጋሼ ሲያዩኝ እንደሚያውቁብኝ አውቃለሁ፤ ግን አይናገሩም።


ቀያሽ
ግንቦት 19፣ ማታ 12፡20

ከመለካትዎ በፊት ሦስት ነገሮች ላስታውስዎ፤ በዚህ ደረጃ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

የመጀመሪያው «ቀትር» የሚለው ቃል ነው። በሰዓታችን ስድስት ሰዓት ሲሆን ጎንደር ላይ ገና ቀትር አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተሠራው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ ጎንደር ያለችው በ37.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ስለሚቆጠር የ30 ደቂቃ ልዩነት አለ፤ በሰኔ 12 እውነተኛው ቀትር ከስድስት ሰዓት ተኩል አንድ ደቂቃ ገደማ አልፎ ነው። ይህ ትንሽ አይምሰልዎ። ፀሐይዋ ከአናታችን ቅርብ ስትሆን የጥላ አቅጣጫ በፍጥነት ይዞራል፤ በሰዓቱ ስድስት ላይ የዓምዱ ጥላ ከትክክለኛው ደቡብ ወደ ምዕራብ 34 ዲግሪ ያህል ፈንገጥ ብሎ ይወድቃል። ጋሼ «ስድስት ሰዓት» አላሉም፤ «ቀትር» አሉ። ቀትር የፀሐይ ቃል ነው።

ሁለተኛው ሰሜንን ማግኘት ነው። የስልክ ኮምፓስ አትመኑ፤ በአቅራቢያው የብረት በር ወይም የተቀበረ ብረት ካለ ያሳስታችኋል። ቀጥ ያለ እንጨት በውኃ ልክ አቁሙ፤ በዙሪያው በገመድ ክብ ሥሩ። ረፋድ ላይ የጥላው ጫፍ ክቡን የሚነካበትን፣ ከሰዓት በኋላም እንደገና የሚነካበትን ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ለሁለት ክፈሉ፤ ከእንጨቱ ወደዚያ መካከል የሚሰመረው መስመር እውነተኛው የሰሜንና የደቡብ መስመር ነው። ክረምቱ ሳይጠና አሁን ብታደርጉት ይሻላል፤ ሰኔ 12 ደመና ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። በዚያ ዕለት ቀትር ፀሐይዋ ከአናት 10.8 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትሆናለች። ስለዚህ የጥላው ርዝመት የዓምዱ ቁመት በ0.19 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ለአንድ ሜትር ቁመት 19 ሴንቲ ሜትር። ይህ ማለት ቦታው ከዓምዱ እግር እጅግ ቅርብ ነው። አሮጌ የድንጋይ ዓምድ ሥር ስትቆፍሩ ዓምዱን በእንጨት ደግፉ፤ ጉድጓዱም ጠባብ ይሁን። የማንም እንቆቅልሽ የሰው ሕይወት አያህልም።


ከባሕር ዳር
ግንቦት 20፣ ጠዋት 2፡45

ውይይቱን በዝምታ ስከታተል ነበር። እንደዚህ ላሉ እንቆቅልሾች ፍቅር ስላለኝ አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበረ የነሐስ ጉጉት የተገኘው በ2024 ነው፤ 31 ዓመት ፈጅቷል። የእንቆቅልሹ ደራሲ ግን በ2009 ስላረፈ የፈቺውን ፊት ለማየት አልታደለም። እናንተ ጋሼ በሕይወት እያሉ እዚህ መድረሳችሁ ትልቅ ነገር ነው። የሚቻል ከሆነ ቁፋሮው በእርሳቸው ፊት ይሁን።

ስለ እንግሊዙ ጥንቸልም ሁለት የፊዚክስ መምህራን እንቆቅልሹን በሐቅ ፈትተው ስፍራው ላይ ቢደርሱም፣ ሽልማቱን የወሰደው ሳይፈታ በሰው በኩል በሰማው መረጃ ቀድሞ የተገኘ ሰው መሆኑ ኋላ ተደርሶበታል። የመምህራኑ ክብር ግን አልተነካም።


የቀሃ ልጅ
ግንቦት 27፣ ምሽት 1፡15

ያደረግነውን ላስታውቅ። የሰሜንና የደቡቡን መስመር ባለፈው እሑድ በቀያሽ ዘዴ አወጣነው፤ የስልኩ ኮምፓስ ከመስመሩ በጣም ተለይቶ ነበር፤ በቅርብ የተተከለ የብረት አጥር ስላለ ይመስለኛል። ዓምዱ ከመሬት እስከ ጫፉ 3 ሜትር ከ40 ሆነ። በ0.19 ሲባዛ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። በነጥቡ ላይ ትንሽ እንጨት ተከልን።

ወንድሜ ወዲያው እንቆፍር ብሎ ነበር። እኔ ግን ሰኔ ሚካኤልን እንጠብቅ አልሁ። ባይሆን እንኳ ጥላው ራሱ እንዲመሰክር እፈልጋለሁ፤ ከባሕር ዳር የጻፉልንን ምክር ተከትለንም የጋሼን ወንበር እዚያ ልናወጣ ተስማምተናል።


ሒሳብ አስተማሪዋ
ሰኔ 11፣ ምሽት 2፡00

ነገ ነው። እዚህ ማራኪ አካባቢ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ነበር። መልካም ዕድል እመኛለሁ፤ ልኬቱ በእጃችሁ ስላለ ፀሐይ ባትወጣም አትጨነቁ።


የቀሃ ልጅ
ሰኔ 12፣ ምሽት 3፡30

አገኘነው።

እንደ ሆነው እጽፋለሁ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰማዩ ደመና ነበር። ጋሼን ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በጓሮው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው ዝም ብለው ያዩናል። ስድስት ሰዓት ላይ ደመናው ለጥቂት ጊዜ ሳሳ፤ ጥላው በቀያሽ እንደተነገረው ወደ ምዕራብ ጋደል ብሎ ታየ፣ ከዚያም ጠፋ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይ አልነበረም። በልኬታችን ለመሄድ ተገደድን።

ዓምዱን በሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ደግፈን፣ 65 ሴንቲ ሜትር ላይ በተተከለው እንጨት ዙሪያ አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን ጉድጓድ ጀመርን። ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ስንወርድ ዶማው በጉድጓዱ ደቡባዊ ጠርዝ በኩል ቆርቆሮ ነካ። በእጃችን አፈሩን ጠረግን። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን በወፍራም ሰም ተለስኗል። ወንድሜ ቢላዋ ሲያመጣ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ፦ «ሰሙን ቀስ ብላችሁ አንሡት።» እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ውስጡ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ ወረቀት ነበር፤ ጋሼ በልጅነታቸው የተማሩበት በእጅ የተጻፈ የፊደል ገበታ፤ ሃያ ስድስት ረድፍ። በወረቀቱ ውስጥ ደግሞ የሴት አያታችን የወርቅ ቀለበት ተጠቅልሎ ነበር። የቅኔ ተማሪው «የወርቅ ክምር አትጠብቁ» ያሉት ልክ ነበር፤ ወርቁ ግን በሁለቱም ፍቺ ውስጥ ነበር።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ጥያቄ ቀርቷል። የቆርቆሮው መካከል ከዓምዱ እግር 71 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ እኛ 65 ብለን ነበር። አቅጣጫው ቀጥ ያለ ደቡብ ነው። ስድስት ሴንቲ ሜትሩ ከየት መጣ? ቀለል ያለ የአለካክ ስሕተት ነው ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።


ቀያሽ
ሰኔ 12፣ ምሽት 4፡10

እንኳን ደስ አላችሁ! ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ወደ ኋላ ተመልሰን እናስላው፦ 71 ሴንቲ ሜትር ጥላ የሚጥል ዓምድ 3 ሜትር ከ70 ገደማ ቁመት ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ያለው 3 ሜትር ከ40 ነው። ስለዚህ በ1991 ዓ.ም. ዓምዱ አሁን ካለው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር ማለት ነው። ጫፉ ላይ ምን ነበረ? በዙሪያው ባለው ሣር ውስጥ የተጠረበ ድንጋይ ፈልጉ።


የቀሃ ልጅ
ሰኔ 13፣ ጠዋት 1፡05

ድንጋዩ ተገኝቷል። ከዓምዱ ኋላ፣ በቁጥቋጦው ውስጥ፣ ግማሹ በአፈር ተሸፍኖ ወድቋል፤ ውፍረቱ 31 ሴንቲ ሜትር ነው። ጋሼን ጠየቅኋቸው። ከቀበሩት ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ በአንድ ክረምት እንደወደቀ ነገሩኝ፤ መልሶ የሚሰቅለው ሰው ባለመገኘቱ እዚያው ቀርቷል።

ስሌቱን እንዴት እንደሠሩትም ጠየቅኋቸው፤ ኬክሮሱንና የፀሐይዋን ማዘንበል በየትኛው ሠንጠረዥ እንዳገኙት ለማወቅ ፈልጌ ነበር። ጋሼ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በደከመ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፤ ሁለተኛውን ስንኝ በጣታቸው ነኩና «እዚህ ጽፌዋለሁ እኮ» አሉ። «አላሰላሁትም። በዚያ ዓመት የሰኔ ሚካኤል ፀሐይ ነበር። ከረፋድ ጀምሮ እዚህ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ጥላው አጥሮ አጥሮ መርዘም ሲጀምር፣ በጣም ያጠረበት ቦታ ላይ ጠጠር አኖርሁ።»

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የወደቀውን ድንጋይ መልሰን ልንሰቅለው ግንበኛ ጠርተናል።